ፎቶን በሲኤንሲ ራውተር ለብርሃን ስትቀርጹ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በገላን ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ 1325 የሚባለው ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ የመቅረጫ ማሽን) ከበርና ከአልጋ ራስጌ ሥራ የሚያርፍበት ሰዓት አለው። በዚያ ሰዓት ሊሠሩ ከሚችሉት ሁሉ ደስ የሚለው ሊቶፌን ነው። ነጭ ሰሌዳ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ከኋላው መብራት ሲበራ ፎቶ ሆኖ ይወጣል። ቀጭኑ ቦታ ያበራል፣ ወፍራሙ ይጨልማል።

ጥበቡ ከራውተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ደ ቡርጎዋን እ.ኤ.አ. በ1827 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብበት ሥራው በእጅ ነበር፦ ሰም መስታወት ላይ ይዘረጋል፣ ከሥሩ ብርሃን እየገባ ይቀረጻል፣ ከሰሙ የጂፕሰም ቅርጽ ይወጣል፣ በመጨረሻ ፖርሰሊን ይሠራበታል። ያ ቀራጭ ዛሬ ራውተር ያለው ሰው የሌለው ነገር ነበረው፤ እየቀረጸ ብርሃኑን ያያል። ማሽን ላይ ግን ሰሌዳው ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆረጥ ውጤቱ የሚታየው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። በዓይን ማየት ያልተቻለውን በልክ መተካት ሲገባ፣ በር ላይ በለመደ እጅ በግምት ይሠራል። በር ላይ 0.3 ሚሊ ቢሳት ቀለም ይሸፍነዋል። ሊቶፌን ላይ ግን የብሩህ ቦታው ውፍረት 0.8 ሚሊ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ 0.3 ሚሊ ማለት ከሲሶ በላይ ነው።

ያገኙትን ነጭ ነገር ሁሉ መቅረጽ

ኤምዲኤፍና እንጨት ብርሃን አያሳልፉም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በጣም የሚመቸው ለኩሽና ጠረጴዛ የሚውለው ኮሪያን ነው። ኮሪያን ሁለት ሦስተኛው ያህል የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት፣ የቀረው አክሪሊክ ሙጫ ነው፤ ዱቄቱ ብርሃኑን እየበተነ እኩል ያሰራጨዋል፣ አቆራረጡም ንጹሕ ነው። ሙሉ ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም። ኩሽና የሚገጥሙ ሰዎች ለመታጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ቆርጠው የሚያወጡት ቁራጭ ለአንድ 20 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ይበቃል። ቀለሙ ግን ንጹሕ ነጭ ይሁን። ነጠብጣብ ወይም የዕብነ በረድ ደም ሥር ያለበት ከሆነ ነጠብጣቡ መብራት ሲበራ ፊት ላይ ማዲያት ሆኖ ይታያል። ከመግዛታችሁ በፊት የስልክ ባትሪ ከሥሩ አብርታችሁ እዩት፤ ብርሃኑ ጨርሶ ካላለፈ ወይም ደመና ደመና ካለ ተዉት።

በርካሽ የሚሸጠው፣ በአክሪሊክ ፈንታ በፖሊስተር የተሠራው ሰሌዳ፣ ላይ ላዩን ኮሪያን ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ይሸረፋል፤ ሲቀጥን ደግሞ ይሰነጠቃል። ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ወተት መሳይ ነጭ አክሪሊክም ይሆናል፤ ነገር ግን ካስት የሚባለውን ጠይቁ። ኤክስትሩድ የሆነው በቢቱ፣ ማለትም በሚዞረው መቁረጫ ዙሪያ ይቀልጥና ይጠቀለላል። ብርጭቆ የመሰለው ጥርት ያለ አክሪሊክ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ብርሃኑን ስለማይበትነው ከኋላ ያለው አምፖል ራሱ ይታያል። የነጭ ፕላስቲክ መክተፊያም ብርሃን ያሳልፋል፤ ችግሩ ሙጫ አይዘውም፣ ሲቆረጥም ጸጉር ያወጣል።

ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንደመጣ መጠቀም

ደንበኛው ፎቶውን በተለመደው መንገድ ሲልክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ወደ ጥልቀት ሲቀየር ግን የጭመቃው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ጉንጭ ላይ እንደ ንጣፍ ይቀረጻሉ። ፎቶውን እንደ ፋይል እንዲልክ ንገሩት። የታተመ አሮጌ ፎቶ ከሆነ በስልክ አታንሱት፤ ስካነር ላይ በ600 ዲፒአይ አስነሡት።

የፒክስሉ ብዛትም የሚወሰነው በማሽኑ ነው። ቢቱ በ0.2 ሚሊ እርምጃ የሚሄድ ከሆነ በአንድ ሚሊ 5 መስመር አለ፤ 200 ሚሊ ስፋት ላለው ሥራ 1,000 ፒክስል በቂ ነው። ከዚህ እጥፍ ቢጨመር ፋይሉን ከማክበድ በቀር የሚሰጠው የለም። ከዚህ ቢያንስ ግን ደረጃ ደረጃ ይወጣል።

ሌላው፣ ስድስት ሰው ያለበትን የቤተሰብ ፎቶ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ መጨናነቅ ነው። ዓይን የፊትን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህላል። የፊቱ ስፋት 18 ሚሊ ከሆነ ዓይኑ 3.6 ሚሊ ነው፤ በዚህ ላይ ጫፉ 1 ሚሊ የሆነ ቢት የዓይን ብሌን ሊያወጣ አይችልም። ፊቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ፎቶውን ቁረጡ፤ ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ ሰሌዳውን አሳድጉ።

ጥቁርና ነጩን ሳይገለብጡ መላክ

የራውተር ሶፍትዌሮቹ አስፓየርም አርትካምም ከፎቶ ሪሊፍ (ከፍና ዝቅ ያለ ቅርጽ) ሲሠሩ ነጩን ከፍታ፣ ጥቁሩን ጥልቀት ያደርጉታል። ለበር ጌጥ ይህ ትክክል ነው። ለሊቶፌን ግን ተቃራኒው ይፈለጋል፤ ነጩ ይቀጥን፣ ጥቁሩ ይወፍር። ሳይገለበጥ የተቀረጸ ፎቶ መብራት ሲበራ የድሮ ፊልም ኔጋቲቭ ይሆናል። ግልበጣው የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ማስተካከያው ሁሉ በትክክለኛው ፎቶ ላይ ካለቀ በኋላ ገልብጡና በሌላ ስም አስቀምጡት። በስም ካልለያችኋቸው ሁለቱ ፋይሎች ፍላሽ ላይ ይምታታሉ።

ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገናኙ ፎቶውን እንዳለ መተው

እኛ ዘንድ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሶፍትዌሩ የፎቶውን ብሩህነት ወደ ውፍረት የሚለውጠው በቀጥታ መስመር ነው። ብርሃን ግን እንዲህ አይቀንስም። በየ0.8 ሚሊው ግማሽ ብርሃን የሚውጥ ሰሌዳ አለ እንበል፤ 0.8 ሚሊ ሲጨመር ብርሃኑ ግማሽ፣ 1.6 ሲጨመር ሩብ፣ 2.4 ሲጨመር አንድ ስምንተኛ ይሆናል። በብሩህ በኩል የምትጨምሯት የሚሊ አሥረኛ በግልጽ ትታያለች፤ በጨለማው በኩል የምትጨምሯት ግን አትታወቅም። ውጤቱ ምንድን ነው? መካከለኛው ቀለም ከሚገባው በላይ ይጨልማል፣ ጥቁር አካባቢ ያሉት ልዩነቶች ሁሉ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

አሁን የሀበሻ ልብስ የለበሰች ሙሽራን ፎቶ አስቡ። ነጠላውና ቀሚሱ ካሜራውን ስላሳሳቱት ፊቱ ጠቁሮ ተነሥቷል፤ ጸጉሩ ደግሞ ከፊቱ ይጠቁራል። ቀጥታ ከተቀረጸ ጸጉርና ፊት አንድ ጥላ ይሆናሉ፤ ነጠላው ደግሞ ሽክሽኩም ጥለቱም ጠፍቶ ጠፍጣፋ ብርሃን ይሆናል። የምረቃ ጋዋን በጥቁር መጋረጃ ፊት የተነሣበት ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ፊት ብቻውን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ፎቶውን ክፍል በክፍል ማስተካከል ነው፦ ፊቱን ለብቻ መርጣችሁ አብሩት፤ ነጠላው ላይ ያለውን ነጭ ጥቂት አውርዱት፣ ጥለቱ ከጨርቁ እስኪለይ ድረስ። ዳራውን ቁረጡና መካከለኛ ግራጫ አድርጉት፤ በጣም ነጭ ከሆነ ሰሌዳው በሰፊው ቀጥኖ ይዳከማል፣ በጣም ጥቁር ከሆነ ጸጉሩን ይውጠዋል። ከዚያ በከርቭ መሣሪያው መሐል ያለውን ነጥብ፣ 128 የነበረውን፣ ወደ 150 አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ይህን ስትሠሩ የፋይሉ የቀለም ልክ በ16 ቢት ይሁን፤ በ8 ቢት ብዙ ከተጎተተ ጉንጭ ላይ የካርታ መስመር የመሰለ ደረጃ ይወጣል።

ሁለተኛው ሰሌዳውን ራሱን መፈተን ነው፤ ይህንን ያልሠራ ሰው የቀረውን ሁሉ በግምት ይሠራል። 150 በ20 ሚሊ በሆነ ቁራጭ ላይ እያንዳንዱ 15 ሚሊ የሆነ 10 ደረጃ ቅረጹ፤ የመጀመሪያው 0.6 ሚሊ ውፍረት ይኑረው፣ ቀጣዩ በ0.4 እየጨመረ እስከ 4.2 ይድረስ። በሚገጠምለት መብራት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እዩት። ከጎረቤቱ መለየት የሚያቆመው ደረጃ የጥቁራችሁ ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ መወፈር ዋጋ የለውም። መብራቱን ገላልጦ የሚያሳየው ወይም በጣት ሲነካ የሚተጣጠፈው ደግሞ የነጩ ወሰን ነው። ለነጭ ኮሪያን ከ0.8 እስከ 3.2 ሚሊ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር ግን ፈተናው ይደገም። ቁራጩን ቀን ጽፋችሁበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ዜሮን ከሰሌዳው ላይኛው ፊት መያዝ

ለበር ሥራ ዜድ ዜሮ፣ ማለትም የከፍታው መነሻ፣ የሚያዘው ከላይ ነው። ሊቶፌን ላይ ግን የሚፈለገው ከሥር የሚቀረው ውፍረት ነው። 12 ሚሊ ተብሎ የተሸጠ ሰሌዳ በአንዱ ጥግ 12.3፣ በሌላው 11.9 ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ከለካችሁ ያ የ0.4 ልዩነት በሙሉ ቀጭኑ ቦታ ላይ ያርፋል። በአንድ በኩል ፎቶው ይነጣል፣ በሌላው ይጠቁራል፤ ብሶም ቢቱ ሰሌዳውን ይበሳል። ስለዚህ ዜሮ የሚያዘው ሰሌዳው ከሚያርፍበት፣ ማለትም ከሥር ከተነጠፈው ኤምዲኤፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ማጣበቂያውን ነው። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ሰሌዳውን ከኤምዲኤፉ ከፍ ያደርገዋል። ፕላስተሩ 0.2 ሚሊ ከሆነና እናንተ ዜሮን ኤምዲኤፉ ላይ ከያዛችሁ፣ 0.8 ይቀራል ያላችሁት ቦታ 0.6 ይሆናል። አምስት ድርብ ፕላስተር ደራርባችሁ በካሊፐር ለኩ፣ ለአምስት አካፍሉ፣ ያንን ዜሮው ላይ ጨምሩ። ዜሮን በወረቀት የምትይዙም ከሆነ ተራ የማተሚያ ወረቀት 0.1 ሚሊ ያህል እንደሚወፍር አትርሱ። በወረቀት ፕላስተርና በሱፐር ግሉ የሚያጣብቅ ሰው ሁለቱም የፕላስተር ድርቦች ይቆጠሩለት።

ፕላስተሩ ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉ ያለበትን ቦታ በሙሉ ይሸፍን፤ እርስ በርስ ግን አይደራረብ። ከሥሩ ባዶ የሆነ ቀጭን ቦታ ቢቱ ሲነካው እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ሲበራ ያ ንቅጥቅጥ የአሸዋ ፍርፍር መስሎ ይታያል።

በክረምት የተነጠፈውን ኤምዲኤፍ ማመን

ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ያውም እኩል አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለና ወለሉ በሚረጥብ ሥራ ቤት ውስጥ፣ በግንቦት ተላግቶ የተስተካከለ ንጣፍ በሐምሌ ልክ አይሆንም። የምረቃ ፎቶ ትእዛዝ የሚበዛውም በዚሁ ወቅት ነው። ሊቶፌን ከመጀመራችሁ በፊት የምትሠሩበትን 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ብቻ በ0.3 ሚሊ ላጉት፤ ሙሉውን ጠረጴዛ ማላግ አያስፈልግም። ላጋችሁ እንደ ጨረሳችሁ ሰሌዳውን አጣብቁ፤ ለነገ አታሳድሩት።

ጠዋት ላይ፣ በተለይ ብርዱ በሚጠናበት በሱሉልታ በኩል፣ ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ገና ቀዝቃዛ እያለ ዜሮ አትያዙ። ሲሞቅ ዘንጉ በጥቂት የሚሊ መቶኛዎች ይረዝማል፤ የሥዕሉ መጀመሪያና መጨረሻ በብሩህነት ይለያያሉ። 15 ደቂቃ በባዶው አሽከርክሩት፣ ከዚያ ዜሮውን ያዙ።

አንዱን ቢት ለሁሉም ማድረግ

ሥራው ሦስት ቢት ይፈልጋል። ከ12 ሚሊ ሰሌዳ ተነሥታችሁ ወደ 3.2 ስትወርዱ 8.8 ሚሊ ይነሣል፤ ይህንን 6 ሚሊ ጠፍጣፋ ቢት በአንድ ዙር 2 ሚሊ እየወረደ ያንሣው። ጠርዙ ላይ 10 ሚሊ ስፋት ያለው ወፍራም ክፈፍ ተዉ፤ ሰሌዳውን ያጠነክራል፣ ፍሬም ውስጥ ሲገባም መያዣ ይሆናል። ቀጥሎ 3 ሚሊ ቦል ኖዝ (ጫፉ ክብ የሆነ ቢት) ቅርጹን በጥቅሉ ያውጣና 0.4 ሚሊ ይተው። መጨረሻ ላይ ጫፉ 0.5 ሚሊ ራዲየስ ያለው ቴፐር ቦል ኖዝ ይገባል። ቀጥ ያለ ባለ 1 ሚሊ ቢት አትጠቀሙ፤ ቴፐሩ ወደ ላይ እየወፈረ ስለሚሄድ አይንቀጠቀጥም፣ በቀላሉም አይሰበርም።

ስቴፕኦቨር፣ ማለትም በመስመሮች መካከል ያለው እርምጃ፣ በስሜት የሚመረጥ አይደለም። በሁለት መስመሮች መካከል የሚቀረው ጉብታ ከፍታው የእርምጃው ካሬ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ራዲየሱ 0.5፣ እርምጃው 0.2 ከሆነ ጉብታው 0.01 ሚሊ ነው፤ መብራት ላይ አይታይም። እርምጃው 0.4 ሲሆን 0.04 ይደርሳል፤ ነጭ ቦታዎች ላይ ጥርት ያለ ስንጥር ስንጥር ይወጣል። ወደ 0.1 ማውረድ ደግሞ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል፦ 200 በ150 ሚሊ የሆነ ሥራ በ0.2 እርምጃ 750 መስመር፣ 150 ሜትር ጉዞ ነው፤ በደቂቃ 2,000 ሚሊ ቢሄድ 75 ደቂቃ ይፈጃል። በ0.1 ግን 150 ደቂቃ። ዜድ ያለ ማቋረጥ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ማሽኑ የተሰጠውን ፍጥነት ሁልጊዜ አይደርስበትም፤ ከዚህም ትንሽ አስረዝማችሁ አስሉ። ለአብዛኛው ሥራ 0.15 እስከ 0.2 በቂ ነው። የስፒንድሉን ዙር 18,000 አድርጉ።

ሌላ ሥራ ላይ የዋለ ቢት ለመጨረሻው ዙር አይሁን። በኤምዲኤፍ የደነዘ ጫፍ ኮሪያኑን ከመቁረጥ ይልቅ ይፈጨዋል፤ ያ የተፈጨ ገጽ ብርሃን ሲያልፍበት ጭጋግ ይመስላል።

ከባዱን የማሽኑን ክፍል ማመላለስ

1325 ላይ ስፒንድሉን የተሸከመው ድልድይ በሙሉ በዋይ፣ ማለትም በጠረጴዛው ርዝመት ይሄዳል፤ በኤክስ፣ በስፋቱ የሚሄደው ስፒንድሉን የያዘው ክፍል ብቻ ነው። መስመሮቹ በኤክስ አቅጣጫ ይሁኑ። በዋይ ካደረጋችኋቸው ያ ሁሉ ክብደት 750 ጊዜ እየቆመ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ መመለሻ ላይ የሚፈጠረው ንዝረት የሥዕሉ ጠርዝ ላይ ሞገድ ይተዋል።

ጥርስና ማርሽ ያለው ማሽን ልቅነት ይኖረዋል። ቢቱ ሲሄድም ሲመለስም የሚቆርጥ ከሆነና የኤክስ ልቅነት 0.1 ሚሊ ቢሆን፣ አንዱ መስመር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ይሸሻል፤ የዓይን ሽፋን ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። ልቅነቱን በዳያል ጌጅ ለኩ፣ ማርሹን አጥብቁ። ማጥበቅ ካልተቻለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቁረጡ፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ሥዕሉ ግን ይተርፋል።

ሥዕሉ ወደ መጨረሻው እየጨለመ ወይም እየነጣ ከሄደ ደግሞ ፎቶውን አትውቀሱት። የዜድ ሞተር እርምጃ እየዘለለ ነው። የዜድን ፍጥነትና አክስለሬሽን ቀንሱ፤ ፎቶውንም ከመገልበጣችሁ በፊት በ1 ወይም በ2 ፒክስል ጋውሲያን ብለር አለስልሱት። ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ፒክስል የሚዘል ጠርዝ ማለት ቢቱ በአንዴ 2.4 ሚሊ እንዲወርድ ማዘዝ ነው።

መብራት አይሄድም ብሎ መጀመር

ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ሲጀመር የመብራት መቋረጥ ከሥራው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ከከተማው ዳር ባሉ ሥራ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ከመጥፋቱ ይልቅ የሚጎዳው ለአፍታ መውረዱ ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ኢንቨርተሩ (የስፒንድሉን ዙር የሚቆጣጠረው ሳጥን) ራሱን ያጠፋል፣ ስፒንድሉ ይቆማል። አሁን የዲኤስፒ መቆጣጠሪያውንና ሞተሮቹን ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ አድርጋችሁ ስፒንድሉን ቀጥታ መስመር ላይ ከተዋችሁት፣ ስፒንድሉ ቆሞ ማሽኑ መሄዱን ይቀጥላል፤ የማይዞር ቢት ሰሌዳው ውስጥ ይጎተትና ይሰበራል። ሁለቱም አብረው መቆም አለባቸው። ኢንቨርተሩ ስሕተት ሲያሳይ ማሽኑን የሚያስቆም ሽቦ ከኢንቨርተሩ የስሕተት ሪሌ ወደ መቆጣጠሪያው ድንገተኛ ማቆሚያ ማስገባት ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

መብራት ሲመለስ ዲኤስፒው ካቆመበት ልቀጥል ይላል። ከመቀጠላችሁ በፊት ማሽኑን ወደ መነሻ ነጥቡ (ሆም) መልሱት፤ ሞተሮቹ ኃይል ሲያጡ ድልድዩ በትንሹ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የኤክስንና የዋይን ዜሮ ከማሽኑ መነሻ ያለውን ርቀት ወረቀት ላይ ጻፉ። ዜድን እንደገና ስትይዙ መጀመሪያ በያዛችሁበት ነጥብ፣ በዚያው ዘዴ ያዙ። የ0.05 ሚሊ ልዩነት እንኳ ሥዕሉን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር ይሆናል። ከቆመበት ሳይሆን ከአሥር መስመር ያህል ወደ ኋላ ጀምሩ።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ኢንቨርተር ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም። ለኢንቨርተር የተለመደው ስሌት ከ1,000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ አቅም መቀነስ ነው። የመጨረሻው ዙር ጭነቱ ቀላል ስለሆነ አያስቸግርም፤ 8.8 ሚሊ በሚነሣበት ዙር ግን ማሽኑን አታጣድፉት። የኢንቨርተሩን ሳጥን ከአቧራ አጽዱ።

ትልቁን ሥራ ያለ ናሙና መጀመር

ሰሌዳው ከጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ መልሶ በዚያው ልክ ማስቀመጥ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ከፎቶው 40 በ40 ሚሊ የሆነ አንድ ዓይንና የጉንጭ ክፍል ቆርጣችሁ በዚያው ቢት፣ በዚያው ሰሌዳ ቁራጭ ላይ ቅረጹ፤ የመጨረሻው ዙር በ0.2 እርምጃ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አንሥታችሁ መብራት ላይ እዩት። ዓይኑ ካልወጣ ፎቶው ይስተካከል እንጂ ትልቁ ሥራ አይጀመር።

የተቀረጸውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት

አይታሸም። ብርጭቆ ወረቀት ከፍ ያለውን፣ ማለትም የጥላውን ዝርዝር ይበላል። የተቀረጸውን ፊት በኮምፕሬሰር ንፉ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ እጠቡ፤ በመስመሮቹ ውስጥ የቀረ ዱቄት ብርሃን ስለሚጋርድ ነጩ ቦታ ይደበዝዛል። የሚታሸው ጀርባው ብቻ ነው፤ በ400 ቁጥር ወረቀት፣ ዙሪያ ገባውን እኩል። ሰሌዳውን ስታነሡ በጩቤ አትፈልቅቁት። በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ጊዜ አሙቁት፤ ፕላስተሩ ይለቃል፣ ቀጭኑ ቦታም አይሰነጠቅም።

የኮሪያን ዱቄት በጣም ደቃቅ ነው፤ ኤን95 ጭምብል ያስፈልጋል፤ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ካለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሠራ።

መብራቱን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

ቅርጹ በደንብ ወጥቶ በመጥፎ መብራት የሚጠፋ ሥራ ያሳዝናል። የኤልኢዲ ስትሪፕ ከሰሌዳው ጀርባ ቀጥታ ከተለጠፈ እያንዳንዱ ነጥብ ፊት ላይ ኮከብ ሆኖ ይታያል። ልኩ ቀላል ነው፤ ስትሪፑ ከሰሌዳው የሚርቅበት ርቀት በስትሪፖቹ መካከል ካለው ክፍተት አይነስ። ለ200 በ150 ሚሊ ሥዕል 200 ሚሊ ርዝመት ያላቸው አምስት ረድፎች በ30 ሚሊ ልዩነት ይለጠፉ፤ በድምሩ 1 ሜትር ነው። የሳጥኑ ጥልቀት 45 ሚሊ ይሁን፣ ውስጡ ነጭ ይቀባ፣ በመሐል 3 ሚሊ ወተት መሳይ አክሪሊክ ይግባ። በሜትር 60 አምፖል ያለው 5050 ስትሪፕ በ12 ቮልት 14.4 ዋት፣ ማለትም 1.2 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ይበቃዋል። ልክ 1.2 የሆነውን ከገዛችሁ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የብርሃኑ ቀለም 4000 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። 3000 ፊቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ 6500 ደግሞ የታመመ ሰው ያስመስለዋል። ብርሃኑ ሲበዛ ጥቁሩም ስለሚያበራ ሥዕሉ ይታጠባል፤ መቀነሻ ግጠሙለት፣ ደንበኛው ፊት ክፍሉን አጨልማችሁ ልኩን አብራችሁ ምረጡ። የሳጥኑን ጀርባ በብሎን ዝጉት እንጂ በሙጫ አታጣብቁት፤ ስትሪፑ ሲበላሽ ፎቶው ሳይነካ ሊቀየር ይገባል።